ወደ ደም ሥር የሚያስገባው በር፦ የኩላሊት እጥበት ሕክምና ታሪክ

ከአከርካሪ አጥንት ግራና ቀኝ የሚገኙት ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ አብዛኛውን መልሰው ለደም ሲሰጡ በሽንት መልክ ከሰውነት የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ሊትር የሚሆነው ብቻ ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩት በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ኔፍሮን የሚባሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ሲሆኑ፣ ከጠቅላላው የሚበዙት ከጥቅም ውጭ እስኪሆኑ ድረስ ባለቤታቸው ምንም ሕመም ላይሰማው ይችላል። ማጣራቱ ሲቆም ሰውነት ከፕሮቲን ተረፈ ምርት የሚያገኘው ዩሪያ በደም ውስጥ ይከማቻል፣ ውኃና ጨው መውጫ አጥተው እግርንና ፊትን ያሳብጣሉ፣ ሳንባን ያፍናሉ፣ ፖታሲየም የተባለው ማዕድንም ከልኩ ሲያልፍ የልብን ምት ያቆማል። ሐኪሞች ዩሪሚያ የሚሉት ይህ ሁኔታ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የሞት ፍርድ ነበር።

የኩላሊትን ሥራ ከሰውነት ውጭ የሚተካ መሣሪያ የተገኘበት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ማሽን ፈጠራ ታሪክ ሆኖ ይተረካል። ሆኖም ሁነቶቹ በተፈጸሙበት ቅደም ተከተል ሲታዩ ነገሩ ሌላ ነው፤ ደምን የማጣራቱ እንቆቅልሽ ከተፈታ በኋላ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለ17 ዓመታት መሞታቸውን ቀጥለዋል፤ ምክንያቱም የጎደለው ማጣሪያ ሳይሆን፣ በየሳምንቱ ሳይዘጋ ወደ ደም ሥር የሚያስገባ በር ነበር። ያ በር ሲገኝ ደግሞ ጥያቄው ከሐኪሞች እጅ ወጥቶ ማን ይታከም፣ ማንስ ይክፈል ወደሚለው ተሻገረ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ኩላሊት ራሱን የቻለ በሽታ እንዳለው በግልጽ ያሳየው በለንደን ጋይስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ብራይት ነው። ብራይት በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰውነታቸው አብጦ የሚሞቱ ሕመምተኞች ሽንት በሙቀት የሚረጋ ፕሮቲን እንዳለበትና ሬሳቸው ሲመረመር ኩላሊታቸው ጠጥሮና ተኮማትሮ እንደሚገኝ ሦስቱን ምልክቶች አያይዞ አስረዳ። የምርመራው ዘዴ እጅግ ቀላል ነበር፦ ጥቂት ሽንት በማንኪያ ተደርጎ በሻማ ነበልባል ላይ ሲሞቅ፣ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ካለበት እንደ ተቀቀለ የእንቁላል ውኃ ነጭ ሆኖ ይረጋል። ሕመሙም ለመቶ ዓመታት ያህል የብራይት በሽታ እየተባለ ይጠራ ነበር። ለምርመራው መልስ የሚሆን ሕክምና ግን ብራይት አልነበረውም፤ ያ ትውልድ ሊሰጥ የሚችለው ደም ማፍሰስ፣ ማስቀመጥና ማላብ ብቻ ነበር።

ሐኪሞች በዚህ ላይ ሳሉ መፍትሔው በኬሚስቶች በኩል መጣ። የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነው ቶማስ ግራሃም በ1861 ባወጣው ጥናት በቀጭን ክብ ማዕቀፍ ላይ የተወጠረ የብራና ወረቀት በውኃ ላይ አንሳፍፎ፣ በላዩ የተለያዩ ፈሳሾችን በማፍሰስ የትኛው ንጥረ ነገር ወደ ታችኛው ውኃ እንደሚሻገርና የትኛው ከላይ እንደሚቀር መዘገበ። እንደ ስኳርና ጨው ያሉ ጥቃቅን ቅንጣት ያላቸው ነገሮች በወረቀቱ ውስጥ ሲያልፉ፣ እንደ ሙጫና እንቁላል ያሉ ትላልቆቹ ሊያልፉ አልቻሉም፤ ሽንት በተፈሰሰ ጊዜም ዩሪያው ተሻግሮ በታችኛው ውኃ ውስጥ ተገኘ። ግራሃም ይህን የመለያየት ዘዴ ዲያሊሲስ ብሎ ሰየመው። የዛሬው የእጥበት ማሽን የሚሠራበት ሕግ ከዚህ የተለየ አይደለም፦ ደምና ንጹሕ የጨው ፈሳሽ በአንድ ስስ ገለፈት ተለይተው ጎን ለጎን ሲፈሱ፣ በደም ውስጥ የበዛው ዩሪያና ፖታሲየም ወደ አነሰበት ፈሳሽ ይሻገራል፣ የደም ሕዋሳትና ፕሮቲኖች ግን ከገለፈቱ ቀዳዳ ስለሚበልጡ በቦታቸው ይቀራሉ።

ይህን ሕግ በሕያው ፍጡር ደም ላይ ለመሞከር ግማሽ ክፍለ ዘመን ወስዷል። በአሜሪካ ባልቲሞር በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጆን ጄከብ ኤብልና ሁለት ባልደረቦቹ በ1913 ኮሎዲዮን ከተባለ ኬሚካል በሠሯቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ የውሻ ደም አሳልፈው መልሰው ለውሻው ሰጡ፤ መሣሪያቸውንም ሰው ሠራሽ ኩላሊት አሉት። ደም ከሰውነት ሲወጣ ስለሚረጋ፣ መርጋቱን የሚከለክል ነገር የግድ አስፈለጋቸው፤ ያገኙትም ከአልቅት ራስ የሚጨመቀውን ሂሩዲን ነበር። ለአንድ ሙከራ ብዙ አልቅት ያስፈልግ ስለነበር፣ አልቅቱም ከሃንጋሪ ይመጣ ስለነበር፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መንገዱን ሲዘጋው ሥራውም አብሮ ቆመ። ከዚያም በጀርመን ጊሰን ከተማ ጌኦርግ ሃስ በ1924 ለመጀመሪያ ጊዜ የሰውን ደም በእንዲህ ያለ መሣሪያ ለ15 ደቂቃ አጠበ፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም በሌሎች ሕመምተኞች ላይ ደግሞ ሞከረ። አንዳቸውንም ማዳን አልቻለም፤ ባልደረቦቹ ሥራውን ችላ ስላሉትም ሙከራውን ተወው። የሃስ ድካም ግን ከንቱ አልነበረም፤ በመጨረሻዎቹ ሙከራዎቹ ከአልቅቱ ሂሩዲን ይልቅ ከእንስሳት ጉበት የሚወጣውን ሄፓሪን ተጠቅሟል፣ ይኸው መድኃኒት ዛሬም በየእጥበት ማዕከሉ ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ ነው።

በ1930ዎቹ መጨረሻ ሁለት ነገሮች ተገናኙ፤ ሄፓሪን በንጹሕ መልክ መመረት ጀመረ፣ ሴሎፌን የተባለው ስስ ወረቀትም ቋሊማ ለመጠቅለል በረጅም ቱቦ መልክ ገበያ ላይ ዋለ። እነዚህን አንድ ላይ ያመጣቸው በ1911 በሆላንድ ላይደን የተወለደው ቪለም ኮልፍ ነበር። ኮልፍ በ1938 በግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ገና ልምድ የሌለው ወጣት ሐኪም ሳለ አንድ የ22 ዓመት ወጣት በዩሪሚያ ሲሞት ምንም ሊያደርግለት ሳይችል ተመለከተ፤ በየቀኑ 20 ግራም ያህል ዩሪያ ከደሙ ቢወጣለት ኖሮ ወጣቱ ሊተርፍ ይችል እንደነበርም አሰበ። ሮበርት ብሪንክማን የተባለ የባዮኬሚስትሪ መምህር የሴሎፌኑን ባሕርይ አስረዳው። ኮልፍም በአንድ ቁራጭ የቋሊማ ሽፋን ውስጥ ጥቂት ደም ከዩሪያ ጋር ጨምሮ በጨው ውኃ ውስጥ ሲያወዛውዘው፣ ዩሪያው በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ውኃው ሲወጣ አየ። ከዚያ በኋላ የቀረው የስሌት ጉዳይ ነበር፤ ገለፈቱ በቂ ስፋት ካለውና ደሙ በላዩ ስስ ሆኖ ከተዘረጋ የአንድ ሰው ደም በጥቂት ሰዓታት ሊጠራ ይችላል።

በግንቦት 1940 ጀርመን ሆላንድን ስትወርር የኮልፍ አለቃ የነበሩት አይሁዳዊ ፕሮፌሰር ከባለቤታቸው ጋር የራሳቸውን ሕይወት አጠፉ፤ በቦታቸው የተሾመው የናዚ ደጋፊ ስለነበር ኮልፍ በእርሱ ሥር መሥራትን እምቢ ብሎ በ1941 ካምፐን ወደተባለች ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ተዛወረ። በዚያ፣ በወረራ ሥር ባለች፣ ሁሉ ነገር በራሽን በሚታደልባት ከተማ፣ በርክ የተባለው የእናሜል ዕቃ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ አግዞት ማሽኑን ሠራ። ከእንጨት ርብራብ በተሠራ በርሜል ላይ በብዙ ሜትር የሚቆጠር የሴሎፌን ቱቦ ተጠመጠመ፤ በርሜሉ 100 ሊትር ያህል የጨው ፈሳሽ በያዘ የእናሜል ገንዳ ውስጥ ግማሽ አካሉ ጠልቆ በሞተር ይሽከረከር ነበር፤ በየዙሩ ደሙ በራሱ ክብደት ወደ ቱቦው ዝቅተኛ ክፍል እየወረደ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይጓዛል። በሚሽከረከረው በርሜልና በማይንቀሳቀሰው የደም ቱቦ መካከል ደም ሳይፈስ የሚያገናኘውን መጋጠሚያ ኮልፍ የቀዳው ከፎርድ መኪና የውኃ ፓምፕ ነበር።

የመጀመሪያዋ ሕመምተኛ በመጋቢት 1943 በማሽኑ ታጠበች። ዕድሜዋ 29 ሲሆን ኩላሊቶቿ ዳግመኛ የማይመለሱ ነበሩ። በተደጋጋሚ በተደረገላት እጥበት አእምሮዋ ተመለሰ፣ ለጥቂት ሳምንታትም ሕይወቷ ቀጠለ። ነገር ግን በእያንዳንዱ ጊዜ የመስታወት ቱቦ ለማስገባት አንድ ደም ቅዳ፣ ማለትም ደምን ከልብ የሚያመጣ ሥር፣ እየተቆረጠና እየታሰረ መሄድ ነበረበት፤ ከ12ኛው እጥበት በኋላ የሚገባበት ሥር አልቆ ሴቲቱ ሞተች። የዚህ ታሪክ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ሥራውን ሠርቷል፤ ደሙ ነጽቷል፤ የከሸፈው ወደ ሰውነት የሚገባበት መንገድ ነበር። ኮልፍ በጦርነቱ ዘመን ካከማቸው 16 ያህል ሕመምተኞች የተረፈው አንድ ብቻ ሲሆን፣ ያም ሰው ያለ ማሽኑ ሊድን ይችል እንደነበር ኮልፍ ራሱ ይናገር ነበር።

ጦርነቱ ባበቃ ጊዜ፣ በመስከረም 1945፣ አንዲት የ67 ዓመት ሴት ራሷን ስታ ወደ ሆስፒታሉ መጣች። የተያዘችው በድንገተኛ የኩላሊት ሥራ ማቆም ነበር፤ ይህም ማለት ኩላሊቱ ለጊዜው ቢያቆምም ጊዜ ከተሰጠው መልሶ ሊያገግም የሚችል ነው። ሴቲቱ ከናዚዎች ጋር በመተባበር የታሰረች ስለነበረች ከከተማው ነዋሪ መትረፏን የማይመኝላት ብዙ ነበር። ኮልፍ ግን ስለ ማንነቷ ሳይጠይቅ ከ11 ሰዓታት በላይ ደሟን አጠበ፤ ሴቲቱ ነቃች፣ ኩላሊቶቿም ሥራቸውን ቀጠሉ፣ ከዚያም ለዓመታት ኖረች። በዚህ ማሽን ሕይወቷ መትረፉ ያለ ጥርጥር የተረጋገጠላት የመጀመሪያዋ ሰው እርሷ ናት። ሐኪሙ ሕመምተኛን በመልካም ወይም በክፉ ሥራው ሳይመዝን ማከሙ ከ17 ዓመታት በኋላ በሌላ አህጉር ከተደረገው ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ይታያል።

ኮልፍ ለፈጠራው የባለቤትነት መብት አላስመዘገበም፤ በጦርነቱ ወቅት የሠራቸውን ማሽኖችም ለለንደን፣ ለኒው ዮርክና ለሞንትሪያል ሆስፒታሎች በነፃ ላከ፣ በ1950ም እርሱ ራሱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በቦስተን ፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል የእርሱ ንድፍ ከማይዝግ ብረት ተሻሽሎ ተሠራ፤ በስዊድን ሉንድም ኒልስ አልቫል ገለፈቱን በጠንካራ ማቀፊያ መካከል አስገብቶ፣ በግፊት ትርፍ ውኃ ከደም ጨምቆ የሚያወጣ ሌላ መሣሪያ ሠራ። በኮሪያ ጦርነት በ1952 ዎንጁ በተባለ ስፍራ በነበረ የጦር ሆስፒታል አንድ ማሽን ተተክሎ ነበር፤ ቀድሞ ቆስለው ኩላሊታቸው ካቆመ ወታደሮች ከ10ሩ 8 ወይም 9ኙ ይሞቱ የነበረው በእጥበቱ ወደ ግማሽ ገደማ ዝቅ አለ። እነዚህ ሁሉ ግን ለቀናት ወይም ለሳምንታት ደግፈው የሚያሻግሩ ሕክምናዎች ነበሩ። ኩላሊቱ የማይመለስ ሰው በመጣ ጊዜ ሐኪሞች ማሽኑን እያዩ ወደ ቤቱ ይሸኙት ነበር።

የሲያትሉ ሐኪም ቤልዲንግ ስክሪብነር በ1960 መጀመሪያ ላይ የገጠመው ይኸው ነበር። ድንገተኛ ሕመም ነው ተብሎ የመጣለት ሰው በእጥበት ተሻሽሎ ሳለ፣ በምርመራ ኩላሊቱ ፈጽሞ እንደጠፋ ታወቀ፤ ስክሪብነርም ለቤተሰቡ ይህንኑ ነግሮ ሊያሰናብተው ተገደደ። ሐኪሙ ሰላም አላገኘም። ያሰበው መፍትሔ በደም ቅዳውና ደምን ወደ ልብ በሚመልሰው ደም መልስ ውስጥ ሁለት ቱቦዎችን በቋሚነት አኑሮ፣ እጥበት በማይኖርበት ጊዜ ሁለቱን ከቆዳ ውጭ በአንድ ጠማማ ቱቦ ማገናኘት ነበር፤ ደሙ ዘወትር ስለሚፈስ አይረጋም፣ እጥበት ሲደርስ ጠማማው ተነቅሎ ሁለቱ ጫፎች ከማሽኑ ጋር ይያያዛሉ። የቱቦው ዓይነት ወሳኝ ነበር፤ ምግብ በማይያያዝበት መጥበሻ የሚታወቀው ቴፍሎን ደምም አይያያዝበትም ነበር። መሐንዲሱ ዌይን ኩዊንተን ቴፍሎኑን በሙቀት አጠማዘዘ፣ ቀዶ ሐኪሙ ዴቪድ ዲላርድ አስገባው፣ በመጋቢት 9 ቀን 1960ም በቦይንግ የአውሮፕላን ፋብሪካ የሚሠራ የ39 ዓመት ማሽኒስት በክንዱ ላይ ይህን ይዞ ታጠበ። ሰውየው ከዚያ በኋላ 11 ዓመት ኖረ፤ የሞተውም በልብ ሕመም ነበር።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ከሚገድል ወደ የሚያዝ በሽታ ተለወጠ። ይህ ዓይነቱ ሕክምና ግን ማብቂያ የለውም፤ አንድ ሕመምተኛ ከተቀበሉ በየሳምንቱ፣ ዕድሜውን ሙሉ ማጠብ የግድ ነው። በጥር 1962 በሲያትል የተከፈተው፣ ከሆስፒታል አልጋ ውጭ ሕመምተኞችን የሚያጥበው የመጀመሪያው ማዕከል የነበረው ቦታ ጥቂት ነበር፣ የሚፈልገው ገንዘብም ከፍተኛ ነበር። ሐኪሞቹ በሕክምና ምክንያት ሊታጠቡ የሚችሉትን ከለዩ በኋላ፣ ከእነርሱ መካከል ማን ይግባ የሚለውን እንዲወስን የአካባቢው የሕክምና ማኅበር ሰባት ሰዎችን ያካተተ ኮሚቴ አቆመ። በውስጡ የሃይማኖት አገልጋይ፣ የሕግ ባለሙያ፣ የቤት እመቤት፣ የባንክ ባለሙያ፣ የመንግሥት ባለሥልጣን፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪና አንድ ቀዶ ሐኪም ነበሩ፤ ስማቸውም ለሕዝብ አይገለጽም ነበር።

ላይፍ የተባለው መጽሔት በኅዳር 1962 ሻና አሌግዛንደር የጻፈችውን ረጅም ዘገባ ባወጣ ጊዜ፣ ኮሚቴው በምን ይመዝን እንደነበር ዓለም አወቀ፦ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የልጆች ብዛት፣ ገቢና ሀብት፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ የቀድሞ ሕይወትና የወደፊት ተስፋ። በሌላ አነጋገር ሰባቱ ሰዎች ከእነርሱ የሚመስለውን፣ ቤተሰብ ያለውን፣ ሥራ ያለውን፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውን ወደ ማስቀደም አዘነበሉ። የነበሩበትን ጭንቀት ማንም ሊያቃልለው አይገባም፤ ቢመርጡም ባይመርጡም የሚሞት ነበር። ያም ሆኖ የሕይወት ዋጋ በማኅበረሰብ ዘንድ ባለው ጥቅም መመዘኑ ያስከተለው ተቃውሞ፣ የሕክምና ሥነ ምግባር ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ሆኖ እንዲወጣ ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ኮሚቴው ካልተቀበላቸው መካከል በዕድሜዋ ማነስ የተከለከለች አንዲት ተማሪ ነበረች። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የኑክሌር መሐንዲስ የነበረው አልበርት ባብ ከቡድኑ ጋር በጥቂት ወራት ውስጥ በቤት የሚሠራ ትንሽ ማሽን ሠራላት፤ በ1964ም እናቷ እያገዘቻት ቤቷ ውስጥ መታጠብ ጀመረች። ማሽኑ የጨው ፈሳሹን ራሱ እየቀላቀለ፣ ሙቀቱንና የደም ግፊቱን ራሱ እየተቆጣጠረ፣ ስሕተት ሲኖር ደወል የሚያሰማ ነበር፤ በየእጥበት ማዕከሉ ያለው የዛሬው ማሽን ቀጥተኛ ዘሩ ነው። በዚያው ዓመት በለንደን ስታንሊ ሻልደን ሕመምተኞች ማታ ተኝተው በቤታቸው እንዲታጠቡ ማድረግ ጀመረ።

የቴፍሎኑ መንገድም የራሱ ጣጣ ነበረው፤ ከቆዳ ውጭ ስለሚቀር በቀላሉ ያመረቅዛል፣ በወራት ውስጥም ሊደፈን ይችላል። ዘላቂው መልስ ከኒው ዮርክ ብሮንክስ ከጡረተኛ ወታደሮች ሆስፒታል ተገኘ። ጄምስ ሲሚኖ፣ ማይክል ብሬሺያና ቀዶ ሐኪሙ ኬኔት አፔል ምንም ባዕድ ቱቦ ሳያስገቡ በእጅ አንጓ ላይ ያለውን ደም ቅዳ ከጎኑ ካለው ደም መልስ ጋር ሰፍተው አገናኙ፤ ውጤታቸውንም በ1966 አሳተሙ። ፊስቱላ በሚባለው በዚህ ዘዴ በከፍተኛ ግፊት የሚመጣው ደም በሳምንታት ውስጥ ደም መልሱን ያሰፋዋል፣ ግድግዳውንም ያደነድነዋል፤ ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሁለት ወፍራም መርፌዎች ቢወጉበት ለዓመታት ይችላል። ፊስቱላው በሚሠራበት ክንድ ላይ ጣት ሲያርፍ ቀጣይ ንዝረት ይሰማል፤ ሕመምተኛው በየጠዋቱ ይህን እንዲዳስስ፣ ንዝረቱ ከጠፋ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም እንዲሄድ፣ በዚያ ክንድ ደም እንዳይቀዳ፣ የደም ግፊት እንዳይለካ፣ ከባድ ነገር እንዳይንጠለጠልበት ይመከራል። ከ60 ዓመታት በኋላም ከዚህ የተሻለ መንገድ አልተገኘም።

በአሜሪካ የገንዘቡ ጥያቄ የተፈታው በሕግ ነው። በኅዳር 1971 የአንድ የሕመምተኞች ማኅበር ምክትል ፕሬዚዳንት በተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ከማሽን ጋር ተያይዞ ምስክርነቱን ሰጠ። በቀጣዩ ዓመት የኢንዲያናው ሴናተር ቫንስ ሃርትኪ ያቀረበው ማሻሻያ በሴኔቱ ከግማሽ ሰዓት ገደማ ውይይት በኋላ ጸደቀ፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰንም በጥቅምት 30 ቀን 1972 ፈረሙበት። ከሐምሌ 1973 ጀምሮ ኩላሊቱ ሙሉ በሙሉ ያቆመ ሰው ዕድሜው ምንም ይሁን ምን ሜዲኬር በተባለው፣ ለአረጋውያን በተቋቋመው የመንግሥት መድን ይታከማል፤ ለአንድ በሽታ ብቻ እንዲህ ያለ መብት ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። የምርጫ ኮሚቴዎችም አስፈላጊነታቸው አበቃ። በዚያን ጊዜ 10,000 ያህል የነበሩት ታጣቢዎች ዛሬ ከ500,000 በላይ ናቸው።

ማሽን በሌለበት ስፍራ የሚሠራው ሌላው መንገድ ሆድን የሚሸፍነውን ፔሪቶኒየም የተባለ ገለፈት እንደ ማጣሪያ መጠቀም ነው። ጀርመናዊው ጌኦርግ ጋንተር በ1923 ሞክሮት ነበር፤ በሲያትል ሄንሪ ቴንክሆፍ በ1968 በሆድ ግድግዳ ውስጥ በቋሚነት የሚቀመጥ ለስላሳ ቱቦ ሠራ፤ በ1976 ደግሞ በቴክሳስ ኦስቲን ሮበርት ፖፖቪችና ጃክ ሞንክሪፍ ሕመምተኛው ራሱ በየጥቂት ሰዓቱ 2 ሊትር ያህል ፈሳሽ ወደ ሆዱ እያስገባና እያስወጣ ቀኑን ሙሉ የሚታጠብበትን ዘዴ አቀረቡ። ሆንግ ኮንግ ከ1985 ጀምሮ ይህን ቀዳሚ ሕክምና አድርጋለች።

ሰዎች በእጥበት ለዓመታት መኖር ሲጀምሩ፣ አስቀድሞ ለመታየት ዕድል ያላገኙ ሕመሞች ብቅ አሉ። በአንድ የአራት ሰዓት እጥበት 120 ሊትር ያህል ውኃ ከገለፈቱ ማዶ ያልፋል፤ ስለዚህ ለመጠጥ የማይጎዳ ቆሻሻ በታጣቢው ደም ሊከማች ይችላል። በዴንቨር አለን አልፍሬይ በ1976 እንዳሳየው፣ ታጣቢዎችን ንግግር የሚያሳጣና አእምሮ የሚያደናግር ሕመም መንስኤው አልሙኒየም ነበር። በብራዚል ካሩዋሩ ከተማ በ1996 በአንድ ማዕከል ውኃው በአልጌ መርዝ በመበከሉ 50 ያህል ሕመምተኞች ሞተዋል። የውኃ ማጣሪያው ክፍል ከእጥበት ማዕከሉ ማሽኖች ያላነሰ ጥንቃቄ የሚሻው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ደም ማነስ ነበር። ኩላሊት ከማጣራት ሌላ ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ቅመም እያመረተ አጥንት ቀይ ደም እንዲሠራ ያዝዛል፤ ማሽን ግን ይህን ሊተካ አይችልም። ታጣቢዎች ገርጥተው፣ ደረጃ መውጣት አቅቷቸው፣ በተደጋጋሚ ደም እየተሰጣቸው ይኖሩ ነበር። በቺካጎ ዩጂን ጎልድዋሰር ከ20 ዓመታት በላይ ፍለጋ በኋላ በ1977 ቅመሙን በንጹሕ መልክ ያገኘው ጃፓናዊው ሐኪም ታካጂ ሚያኬ በከባድ ደም ማነስ ከሚሠቃዩ ሕመምተኞች ሰብስቦ ካመጣለት 2,550 ሊትር ሽንት ነው፤ ከዚያ ሁሉ የወጣው ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ነበር። በ1983 ፉ ኩዌን ሊን ጂኑን ለይቶ አወጣ፣ የሲያትሉ ጆሴፍ ኤሽባክ ከ1985 ጀምሮ ለታጣቢዎች ሰጠው፣ በ1989ም መድኃኒቱ በአሜሪካ ተፈቀደ።

የሐኪሞች ትኩረት ከዚህ በኋላ ወደ ኋላ፣ ሕመሙ ገና ወደ ጀመረበት ዘመን ዞረ። በ1993 የታተመ ጥናት ካፕቶፕሪል የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት የስኳር ሕመምተኞችን የኩላሊት መዳከም እንደሚያዘገይ አሳየ። በ2002 አሜሪካውያን ባለሙያዎች ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመምን በአምስት ደረጃ ከፈሉት፤ መለኪያው ኩላሊቱ በደቂቃ የሚያጣራው መጠን ሲሆን፣ ከ60 ሚሊ ሊትር በታች ሆኖ ሦስት ወር ከቆየ ሕመም ነው፣ ከ15 በታች ሲወርድ እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ የሚታሰብበት አምስተኛው ደረጃ ነው። ከ2019 እስከ 2022 የወጡ ሦስት ትላልቅ ጥናቶች ደግሞ ለስኳር በሽታ የተሠሩ፣ ስኳርን በሽንት የሚያስወጡ ክኒኖች የኩላሊትን መድከም እንደሚቀንሱ አረጋገጡ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ስኳር የሌለባቸውንም ሕመምተኞች ያካተቱ ነበሩ። የደም ግፊትን መቆጣጠር፣ ጨው መቀነስና ሐኪም ሳያዝ ለረጅም ጊዜ የሕመም ማስታገሻ አለመዋጥ ዛሬም የሕክምናው መሠረት ናቸው።

በኢትዮጵያ ለሥር ሰደድ ሕመም የሚሰጥ የማሽን እጥበት የተጀመረው በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ በግል ሆስፒታል ነው፤ ቀስ በቀስም ወደ መንግሥት ሆስፒታሎች ተስፋፋ። በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የመጀመሪያዎቹ የኩላሊት ንቅለ ተከላዎች ተደረጉ። እጥበት ግን ለብዙዎች ከኪስ የሚከፈል ነው፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ መታጠብ የሚገባው ሰው በሁለት ወይም በአንድ ሲወሰን፣ ቤተሰቡ ንብረት ሲሸጥ፣ ለሕክምናው በየመንገዱና በየመገናኛ ብዙኃኑ ገንዘብ ሲለመን ማየት የተለመደ ሆኗል። በሲያትል በ1962 የነበረው ምርጫ እዚህ ኮሚቴ የለውም፤ መራጩ ገንዘብ ነው።

በዚሁ ዘመን የዘርና የኩላሊት ጉዳይም በሳይንስ በኩል ተነሣ። በ2010 ተመራማሪዎች ከአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው አሜሪካውያን ዘንድ የኩላሊት ሕመም ከሚበዛባቸው ምክንያቶች አንዱ አፖኤል1 በተባለ ጂን ላይ ያለ ለውጥ እንደሆነ አገኙ፤ ለውጡ በቆላ ዝንብ ከሚተላለፈው የእንቅልፍ በሽታ የሚከላከል በመሆኑ በምዕራብ አፍሪካ የተስፋፋ ነው። በ2011 የወጣና በእስራኤል ተመራማሪዎች የተመራ ጥናት ደግሞ በመረመራቸው ኢትዮጵያውያን ዘንድ ይህ ለውጥ እንደማይገኝ አሳየ። ቆዳን አይቶ ሁሉን ጥቁር ሰው በአንድ የኩላሊት ሚዛን ማስቀመጥ ምን ያህል የተሳሳተ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻውም።

የአሜሪካ ላቦራቶሪዎች ግን ለዓመታት ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ክሪያቲኒን ከተባለው የጡንቻ ተረፈ ምርት የኩላሊትን አቅም የሚገምተው ቀመር፣ ሕመምተኛው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በማባዣ ቁጥር ከፍ ያደርገው ስለነበር፣ ኩላሊቱ ከእውነቱ በላይ ደህና እንደሆነ ያስመስል ነበር፤ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም በዚሁ ተለክተዋል። በንቅለ ተከላ ወረፋ ለመግባት አቅሙ 20 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በታች መውረድ ስላለበት፣ በወረቀት ላይ የተጨመረው ጥቂት ቁጥር በተግባር ወራትና ዓመታት ያዘገይ ነበር። በ2021 ሁለት የሙያ ማኅበራት ያቋቋሙት ግብረ ኃይል ዘር የሌለበት ቀመር እንዲተካ ወሰነ። የአሜሪካ የንቅለ ተከላ አስተዳደርም ከጥር 2023 ጀምሮ ሆስፒታሎች በወረፋ ላይ ያሉትን ጥቁር ሕመምተኞች መዝገብ መልሰው እንዲያዩ አስገደደ፤ በአሮጌው ቀመር የዘገዩት ሕመምተኞች የጥበቃ ጊዜያቸው ትክክለኛው ስሌት ብቁ ካደረጋቸው ቀን ጀምሮ እንደገና ተቆጠረላቸው፣ ከእነርሱም ብዙዎች ወረፋቸው በአንድ ጊዜ ዓመታት ወደ ፊት ተስቦ አዲስ ኩላሊት አግኝተዋል።